በቃል የተፈቀደ ግድግዳ፦ የፋይቭ ፖይንትዝ የጉዳይ ጥናት

ያለፈቃድ ግድግዳ ላይ የተሣለ ሥዕል የሕዝብ ጥበብ ነው ወይስ በሰው ንብረት ላይ የደረሰ ጉዳት? ይህ ክርክር በተነሣ ቁጥር ለሠዓሊዎቹ የሚሟገት ሰው ቶሎ ብሎ የሚመዘው አንድ ጉዳይ አለ፤ ኒው ዮርክ ከተማ፣ ኩዊንስ ውስጥ የነበረው የፋይቭ ፖይንትዝ ሕንፃ። 21 ሠዓሊዎች፣ ባለንብረቱ በነጭ ቀለም የሸፈናቸው 45 የስፕሬይ ሥዕሎቻቸው፣ 6.75 ሚሊዮን ዶላር ካሳ። «ግራፊቲ ጥበብ ነው ተብሎ ተፈረደ» እየተባለ ይጠቀሳል።

በስፕሬይ የተሠራ ሥዕል እንደማንኛውም ሥዕል በሕግ ሊጠበቅ እንደሚችል ፍርዱ በእርግጥ አሳይቷል። ላልተፈቀደ ሥዕል ግን የሰጠው ከለላ የለም፤ ክስ የቀረበባቸው ሥዕሎች በሙሉ በባለንብረቱ ፈቃድ የተሣሉ ነበሩና። ጉዳዩን ደጋግሞ ማየት የሚያስፈልገውም ለዚሁ ነው። ባለንብረቱን ያን ያህል ገንዘብ ያስከፈለው ሦስት ነገር ነው፤ ፈቃዱን በቃል ብቻ መስጠቱ፣ ለሠዓሊዎቹ በጽሑፍ አለማሳወቁ፣ ለማፍረስ ሳይዘጋጅ ቀድሞ ማጥፋቱ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፈቃዱ እንዴት ተሰጠ

ሕንፃው ሎንግ አይላንድ ሲቲ በተባለው የኩዊንስ ሰፈር በ1892 ለውሃ ቆጣሪ ፋብሪካ ተብሎ የተሠራ ነው። ከነተቀጥላዎቹ 200,000 ካሬ ጫማ፣ ማለትም 18,500 ካሬ ሜትር ገደማ ስፋት ነበረው። የሪል ስቴት ባለሀብቱ ጄሪ ዎልኮፍ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ገዛው። ፋብሪካነቱ ሲቀር ክፍሎቹ በርካሽ ለሠዓሊዎች ስቱዲዮነት ይከራዩ ጀመር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባለንብረቱ የውጭ ግድግዳዎቹን ለስፕሬይ ሠዓሊዎች ፈቀደ፤ ሥፍራው በዚያ ዘመን «ፈን ፋክትሪ» ይባል ነበር። በ2002 ደግሞ ሜረስ ዋን በሚል ስም የሚታወቀው ሠዓሊ ጆናታን ኮኸን የሥፍራው ኃላፊ ሆነ፤ ስሙንም የከተማዋን አምስት ክፍሎች በማሰብ ፋይቭ ፖይንትዝ አለው።

በዎልኮፍና በኮኸን መካከል የተፈረመ ውል አልነበረም። ባለንብረቱ በቃል ያስቀመጠው ገደብ ወሲባዊ፣ ሃይማኖታዊና ፖለቲካዊ ይዘት እንዳይሣል ነው። የቀረውን ሁሉ ለኮኸን ተወለት። ማን እንደሚሥል፣ የትኛው ግድግዳ ለማን እንደሚሰጥ፣ ሥዕሉም ስንት ጊዜ እንደሚቆይ የሚወስነው እሱ ነበር።

ግድግዳዎቹ በሁለት ይከፈሉ ነበር። አንዱ ክፍል ተለዋዋጭ ነው፤ ዛሬ የተሣለው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ በሌላ ሥዕል ይሸፈናል። ሌላው የሚከበር ግድግዳ ነው፤ በላዩ ለመሣል የኮኸን ፈቃድ የግድ ነው፤ ብዙዎቹም ለዓመታት ሳይነኩ ቆይተዋል። ከሁሉ የሚፈለገው ቦታ ከፍ ባለው ሐዲድ ላይ ከሚያልፈው የ7 ቁጥር ባቡር የሚታየው ገጽ ነበር። በኮኸን ግምት ባጠቃላይ 10,650 ያህል ሥዕሎች በሕንፃው ላይ መጥተው ሄደዋል። ይህ ቁጥር ኋላ በክርክሩ ላይ በሁለቱም ወገን ተጠቅሷል፤ ለአንዱ የሥፍራውን ክብደት፣ ለሌላው የሥዕሎቹን አላፊነት ለማሳየት።

እዚህ ላይ ከሥዕል ሥራው ውስጥ የሚነሣ አንድ ነጥብ አለ። አንድ 400 ሚሊ ሊትር የስፕሬይ ጣሳ በደንብ ሲሸፍን 2 ካሬ ሜትር ገደማ ነው። 30 ካሬ ሜትር ግድግዳ ለመሥራት መጀመሪያ በሮለር የመሠረት ቀለም መቀባት፣ መድረቁን መጠበቅ፣ ንድፉን ማስፈር፣ ከዚያ በደርዘን የሚቆጠሩ ጣሳዎችን በንብርብር መጠቀም ያስፈልጋል። መሰላል ወይም ማንሻ መኪናም ይጠይቃል። ይህ የቀናት ሥራ ነው። ፖሊስ ሳይመጣ መጨረስ ያለበት ሰው ግን ያለው ደቂቃ ነው፤ በደቂቃ የሚሠራው ደግሞ ፊርማ ወይም ጥድፊያ የሚታይበት ፊደል ነው። ፈቃድ ጊዜ ይሰጣል፤ ጊዜ ጥራትንና ዕድሜን ይሰጣል፤ ጥራትና ዕድሜ ያለው ሥዕል ፎቶ ይነሣል፣ ይጻፍበታል፣ ሰው ሊያየው ይመጣል። ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ማስረጃ የሚጠራቀመው በዚህ መንገድ ነው። ያልተፈቀደ ሥዕል ገና ከመነሻው ይህ ሁሉ ይጎድለዋል።

በ2009 ከውጭ ያለው ደረጃ ተደርምሶ አንዲት ሠዓሊ ክፉኛ ተጎዳች። ከተማው የውስጥ ስቱዲዮዎቹን ዘጋ፤ የውጪው ሥዕል ግን ቀጠለ።

የ2013 ቅደም ተከተል

ባለንብረቱ ሕንፃውን አፍርሶ ሁለት የመኖሪያ ማማዎች ለማቆም ያሰበው 400 ሚሊዮን ዶላር በሚገመት ፕሮጀክት ነው። ለዚህ ከተማው በቦታው ላይ ከሚፈቀደው ከፍታና ስፋት በላይ እንዲሠራ ልዩ ፈቃድ መስጠት ነበረበት። ሠዓሊዎቹ በበኩላቸው ሥፍራው እንደ ቅርስ እንዲመዘገብ ለከተማዋ የቅርስ ጥበቃ ኮሚሽን አመለከቱ። መልሱ አጭር ነበር፤ ኮሚሽኑ የሚመዘግበው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን ነው፣ ሥዕሎቹ ደግሞ አልሞላቸውም። በስፕሬይ ሥዕል ላይ የተመሠረተ የቅርስ ጥያቄ ይህን ገደብ የሚያልፍበት አጋጣሚ ብርቅ ስለሆነ፣ ጉልበትን እዚያ ላይ መጨረስ አያዋጣም።

ኦክቶበር 2013 የከተማው ምክር ቤት ፕሮጀክቱን አጸደቀ። ሠዓሊዎቹ ወዲያው የፌዴራል ፍርድ ቤት ገቡ፤ ጉዳዩ ዳኛ ፍሬደሪክ ብሎክ ዘንድ ቀረበ፤ አጭር የዕግድ ትእዛዝም ተሰጠ። ቀጥሎ የሚሆነውን በቀን መከተል ያስፈልጋል።

ኖቬምበር 12 ዳኛው ዕግዱ እንዳይቀጥል ወሰነ፤ ምክንያቱን በዝርዝር የያዘው ጽሑፍ በቅርቡ እንደሚወጣም አሳወቀ። ለዕግዱ መነሣት አንዱ ምክንያት ባለንብረቱ ማፍረሱ ከዘገየ ብዙ ገንዘብ እንደሚያጣ መናገሩ ነበር። ኖቬምበር 19 ገና ሳይነጋ፣ የዝርዝር ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት፣ ባለንብረቱ የቀጠራቸው ሠራተኞች ሮለርና የቀለም መርጫ ይዘው መጡና ሥዕሎቹን በነጭ ቀለም ሸፈኑ። ለሠዓሊዎቹ የደረሳቸው ማስታወቂያ አልነበረም። ከግቢው ታግደው ስለነበር ሊነሣ የሚችለውን እንኳ እንዲያነሡ አልተፈቀደላቸውም። በማግስቱ፣ ኖቬምበር 20፣ የዳኛው ጽሑፍ ወጣ። ሥዕሎቹ በሕጉ አነጋገር «ዕውቅና ያገኘ ደረጃ» እንዳላቸው በዋናው ክርክር ከተረጋገጠ ባለንብረቱ ከባድ ካሳ ሊጠብቀው እንደሚችል የሚያስጠነቅቅ ነበር። ማስጠንቀቂያው በአንድ ቀን ዘገየ።

የአቀባቡ ሁኔታ ራሱ በኋላ ማስረጃ ሆነ። ቀለሙ ስስ ስለነበር በብዙ ቦታ ሥዕሉ ከሥር ይታያል። የደመቀ የስፕሬይ ንብርብር ላይ አንድ እጅ ነጭ ሲቀባ ጥቁሩና ቀዩ ያሳብቃሉ፤ የፊደሉ ጠርዝ፣ የፊቱ ጥላ ይቀራል። ጠርጎ ማንሣትም አይቻልም። የላዩን የሚያላቅቅ ፈሳሽ የሥሩንም ያላቅቃል፤ ሸካራ ጡብ ላይ ደግሞ ሁለቱም ቀለሞች ቀዳዳው ውስጥ ገብተዋል። ሕንፃው በዚህ መልኩ ከባቡሩ ለሚያየው ሰው ሁሉ ለወራት ቆመ። የማፍረሻ ፈቃድ የተጠየቀው በማርች 2014 ነው፤ ከቀለሙ 4 ወር በኋላ። ትክክለኛው ማፍረስ የተጀመረው ከዚያም በኋላ ነው። ባለንብረቱ «መዘግየት ያከስረኛል» ሲል የቆየው ቃል በዚህ ተናጋ፤ ዳኛውም በኋላ፣ እውነቱን ቢያውቅ ኖሮ ዕግዱን እንደማያነሣ ጽፏል።

ሕጉ የሚጠይቀው

ሠዓሊዎቹ የተማመኑበት ሕግ በ1990 የወጣው፣ በምህጻሩ ቫራ የሚባለው የአሜሪካ የእይታ ጥበብ ሠዓሊዎች መብት ሕግ ነው። የቅጂ መብት ሕጉ አካል ቢሆንም የሚጠብቀው የሠዓሊውን የሞራል መብት ነው፤ ሥዕሉን ማን እንደገዛው ወይም ግድግዳው የማን እንደሆነ ለውጥ አያመጣም። ለሠዓሊው ሁለት ዋና ነገር ይሰጠዋል። አንደኛ፣ ክብሩን ወይም ስሙን በሚጎዳ መንገድ ሥራው እንዳይበላሽና እንዳይዛባ መከልከል ይችላል። ሁለተኛ፣ «ዕውቅና ያገኘ ደረጃ» ያለው ሥራ ከሆነ ከነጭራሹ እንዳይጠፋ መከልከል ይችላል። መብቱ አይሸጥም፤ ሠዓሊው ግን በጽሑፍ ሊተወው ይችላል።

ሕንፃ ላይ ላለ ሥዕል የተለየ ድንጋጌ አለ፤ ግድግዳ የሚፈቅድ ሰው ማንበብ ያለበት እሱን ነው። ሥዕሉ ካልጠፋ በቀር ከሕንፃው የማይላቀቅ ከሆነ፣ ባለንብረቱ ነጻ የሚሆነው ሠዓሊውና እሱ ሁለቱም የፈረሙበት ጽሑፍ ካለ ነው። ጽሑፉ ሥዕሉ ወደፊት በመነሣቱ ምክንያት ሊበላሽ ወይም ሊጠፋ እንደሚችል መግለጽ አለበት። ሥዕሉ ሳይጎዳ የሚነሣ ከሆነ ደግሞ ባለንብረቱ በቅን ልቦና ሠዓሊውን ፈልጎ በጽሑፍ ያሳውቃል፤ ሠዓሊው ማስታወቂያው ከደረሰው ቀን ጀምሮ ሥራውን ለማንሣት ወይም የማንሻውን ወጪ ለመክፈል 90 ቀን አለው። በራሱ ወጪ ካነሣው ያ ሥራ የራሱ ይሆናል።

«ሠዓሊውን አላገኘሁትም» የሚለው ምክንያት እንዳይነሣም ሕጉ መላ አበጅቷል። ሠዓሊው አድራሻውን በአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ያስመዘግባል፤ ባለንብረቱ እዚያ ወደተመዘገበው የመጨረሻ አድራሻ በአደራ ደብዳቤ ከላከ በቅን ልቦና እንደሞከረ ይቆጠርለታል። ብዙ የግድግዳ ሠዓሊዎች ይህን ምዝገባ አያውቁትም፤ የሚያውቁትም አድራሻ ሲቀይሩ አያድሱትም።

የካሳው ስሌትም በሕጉ ተወስኗል። ከሳሹ በትክክለኛ የገበያ ጉዳት ፋንታ ይህን ከመረጠ ለእያንዳንዱ ሥራ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፤ ጥፋቱ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000 ዶላር። በሌላ የቅጂ መብት ክስ ይህን ካሳ ለማግኘት ሥራው አስቀድሞ መመዝገብ አለበት፤ በቫራ የሞራል መብት ክስ ግን አያስፈልግም። ይህ ለመንገድ ሠዓሊ ትልቅ ነገር ነው፤ ግድግዳውን ሁሉ ሲያስመዘግብ የሚኖር የለምና።

የ49ኙ ሥዕሎች ክርክር

ወደ ዋናው ክርክር የደረሱት 49 ሥዕሎች ናቸው። ችሎቱ በ2017 መጸው 3 ሳምንት ፈጀ። «ዕውቅና ያገኘ ደረጃ» የሚለው መለኪያ በቀደመ ፍርድ ሁለት ጥያቄ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሥራው ብቃት አለው ወይ? ብቃቱንስ የጥበብ ባለሙያዎች፣ የሙያው ማኅበረሰብ ወይም አንድ የኅብረተሰብ ክፍል ተቀብሎታል ወይ?

ከሳሾቹ ይህን ያስረዱበት መንገድ የሚቀዳ ነው። «ፋይቭ ፖይንትዝ ታዋቂ ነበር» ብለው አላለፉም፤ እያንዳንዱን ሥዕል ለየብቻው በዶሴ አቀረቡት። በዶሴው የሠዓሊው የሥራ ታሪክ፣ የሥዕሉ ፎቶዎች፣ ስለ ሥዕሉ የወጣ ጽሑፍና ቪዲዮ፣ በማኅበራዊ ገጾች ላይ ያገኘው ስርጭትና የባለሙያ አስተያየት ነበረበት። ኮኸን በሚከበሩት ግድግዳዎች ላይ ቦታ መስጠቱ ራሱ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ፤ የዘርፉን ሥራ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከሺዎች መካከል መርጦ ያስቀመጠው ሥራ ነውና። የተከሳሽ ባለሙያ ምስክር በአንጻሩ የእያንዳንዱን ሥዕል ዝና በጠባብ ሚዛን ለካች፤ ዳኛው ሕጉ የሚፈልገው ድንቅ ሥራ መሆንን አይደለም በማለት ሚዛኑን አልተቀበለውም።

ጁሪው፣ ማለትም ከተራ ዜጎች የተውጣጣው የፍርድ ሸንጎ፣ ከ49ኙ በ36ቱ ላይ ሕጉ ተጥሷል አለ፤ 28ቱ ዕውቅና ያገኘ ደረጃ ነበራቸው፣ 8ቱ ደግሞ የሠዓሊውን ስም በሚጎዳ መንገድ ተበላሽተዋል። ተከራካሪዎቹ ከማጠቃለያ ንግግር በፊት ጁሪው አስተያየት ሰጪ ብቻ እንዲሆን ተስማምተው ስለነበር የመጨረሻው ቃል የዳኛው ነበር። ፌብሩዋሪ 2018 ዳኛ ብሎክ 45ቱ ደረጃውን ያሟላሉ ብሎ ወሰነ። ለእያንዳንዳቸው ጣሪያውን 150,000 ዶላር ጣለ፤ ድምሩ 6,750,000 ዶላር። የገበያ ዋጋቸውን በአስተማማኝ ሁኔታ ማስረዳት ስላልተቻለ ለትክክለኛ ጉዳት የታሰበ ካሳ አልነበረም። ጡብ ላይ የተሣለ ነገር ገበያ አይወጣም፤ ስለዚህ የዚህ ዓይነት ከሳሽ ተስፋው ሁልጊዜ በሕግ የተወሰነው ካሳ ነው።

ጣሪያው ለምን? ዳኛው የመዘናቸው ነጥቦች በአሜሪካ የቅጂ መብት ክስ የተለመዱት ስድስቱ ናቸው፤ የአጥፊው ሐሳብ፣ ያተረፈውና ያዳነው ወጪ፣ ተጎጂው ያጣው ገቢ፣ ሌላውን ማስተማሪያነቱ፣ በማስረጃ አቀራረብ የታየ ትብብርና የሁለቱም ወገን ጠባይ። እዚህ ከባዱን ሚዛን የደፉት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ናቸው። ሠዓሊዎቹ በፍርድ ቤት መንገድ ሲሄዱ ባለንብረቱ ጽሑፉን ሳይጠብቅ በሌሊት ቀባ፤ በምስክርነቱም ዳግም ቢሆን ይህንኑ እንደሚያደርግ ተናገረ። ሠዓሊዎቹ ግርግር እንዳያነሡ ፈርቼ ነው ያለውም ማስረጃ አልተገኘለትም። የቦታው ዋጋ ከ40 ሚሊዮን ወደ 200 ሚሊዮን ዶላር መድረሱም በሂደቱ ተነሥቷል።

ከፍርዱ ውስጥ ለባለንብረቶች ከሁሉ የሚጠቅመው ዳኛው በጎን ያስቀመጠው ሐሳብ ነው። ባለንብረቱ ፈቃዱን አግኝቶ ሕንፃውን እስኪያፈርስ፣ 10 ወር ገደማ፣ ቢታገሥ ኖሮ ሆን ብሎ አጠፋ አይባልም ነበር። ያ ማለት ጣሪያው ከ150,000 ወደ 30,000 ይወርዳል። የአንድ ሌሊት ቀለም ዋጋ በ45 ሥዕል ቢሰላ በትንሹ 5.4 ሚሊዮን ዶላር ነበር ማለት ነው።

ይግባኙ ላይ የቀረበው ጠንካራ መከራከሪያ አላፊነት ነው፦ ግራፊቲ በባሕርዩ ይሸፈናል፣ ሠዓሊዎቹም ሕንፃው አንድ ቀን እንደሚፈርስ ያውቁ ነበር፣ ታዲያ ጊዜያዊ ሥራ እንዴት ዘላቂ ከለላ ያገኛል? የሁለተኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በፌብሩዋሪ 2020 ይህን ውድቅ አደረገው። ሕጉ ስለ ዕድሜ የሚጠይቀው ነገር የለም፤ ጥንዶቹ አርቲስቶች ክሪስቶና ዣን ክሎድ በ2005 በሴንትራል ፓርክ የዘረጉት ሥራ የቆየው 2 ሳምንት ገደማ ቢሆንም ደረጃውን የሚክድ የለም። ሠዓሊ የሠዓሊን ሥራ በሙያው ልማድ መሸፈኑና ባለንብረት ሁሉንም በአንድ ሌሊት ማጥፋቱም አንድ አይደሉም። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን አላይም አለ፤ ክርክሩም ተዘጋ። በቦታው ላይ ከ1,000 በላይ መኖሪያዎች ያሏቸው ማማዎች ቆመዋል፤ ስማቸውም ፋይቭ ፖይንትዝ ነው።

ፈቃድ ባይኖርስ?

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ እንቀይር፤ ባለንብረቱ ምንም አልፈቀደም እንበል። ያን ጊዜ የሚጠብቀው ፍርድ ከብዙ ዓመት በፊት ተሰጥቷል። በ1997 እዚያው ኒው ዮርክ፣ በማንሃተን ኢስት 11ኛ ጎዳና ባለ የአትክልት ሥፍራ በተሠሩ ሥዕሎችና ቅርጾች ላይ በተነሣ ክስ የፌዴራል ፍርድ ቤቱ ቫራ ያለባለቤቱ ፈቃድ በሰው ንብረት ላይ የተቀመጠንና ከቦታው የማይነሣን ሥራ አይሸፍንም አለ። ምክንያቱ ተግባራዊ ነው፤ እንዲያ ባይሆን ማንም ሰው በሌሊት ሄዶ ባዶ ቦታ ላይ ሥዕል በመሣል የሌላውን ግንባታ ሊያስቆም ይችላል።

በወንጀሉ በኩልም መስመሩ ያው ነው። የኒው ዮርክ ግዛት ሕግ ግራፊቲን የሚተረጉመው ንብረትን ለመጉዳት በማሰብ የሚደረግ ምልክት ብሎ ነው፤ የሚከለክለውም ከባለቤቱ ወይም ከአስተዳዳሪው ግልጽ ፈቃድ ውጭ የሚደረገውን ነው። ስለ ውበት የሚጠይቅ ቃል የለበትም። ጣሳ ይዞ ለዚሁ ሐሳብ መገኘትም ለብቻው ጥፋት ነው። ክሱ በንብረት ጉዳት ከመጣ ደግሞ ጉዳዩን የሚያከብደው የጥገናው ወጪ ነው፤ ከ250 ዶላር ሲያልፍ ወደ ከባድ ወንጀል ደረጃ ይወጣል፤ ከ1,500 ዶላር ሲያልፍ ደግሞ ደረጃው የባሰ ይከብዳል። አርጅቶ የለሰለሰ ጡብ ላይ 1,500 ዶላር ሩቅ አይደለም። ቀለሙ ቀዳዳው ውስጥ ይገባል፤ በኃይለኛ የውሃ ግፊት ሲታጠብ የጡቡ ፊት ይላጣል፤ በኬሚካል ሲሠራ ደጋግሞ መቀባት፣ መቆየትና ማጠብ ይጠይቃል፤ በቀለም ሲሸፈን ደግሞ ጠጋው እንዳያስታውቅ ግድግዳውን በሙሉ መቀባት ይመጣል። የሠዓሊው ችሎታ ይህን ደረሰኝ አይቀንሰውም።

እንግዲህ ያልተፈቀደ ሥዕል በጥበብ ዓይን ድንቅ፣ በሕግ ዓይን ጉዳት ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱ አይጣሉም። ግራ የሚያጋባው ሁለቱን በአንድ ጥያቄ ለመመለስ መሞከር ነው። አንድ ያልተዘጋ በር ግን አለ፤ ሥዕሉ ሕገወጥ ቢሆንም ሌላ ሰው ለንግድ ሊገለብጠው ይችላል ወይ? በ2018 ኤች ኤንድ ኤም የልብስ ኩባንያ ሬቮክ የተባለው ሠዓሊ ብሩክሊን የመጫወቻ ሜዳ ግድግዳ ላይ የሣለውን ለማስታወቂያ ተጠቀመ፤ ሠዓሊው ሲቃወም፣ ሥዕሉ ያለፈቃድ ስለተሣለ የቅጂ መብት የለውም እንዲባልለት ኩባንያው ፍርድ ቤት ሄደ። ቁጣው ሲበረታ ኩባንያው ክሱን አነሣ፤ ጥያቄውም ሳይፈረድበት ቀረ።

ወረቀቱ ምን ይመስላል

ግድግዳውን የሚፈቅድ ባለንብረት ለእያንዳንዱ ሥዕል አንድ ገጽ ይበቃዋል። በላዩ የግድግዳው አድራሻና አቅጣጫ፣ የሥዕሉ ስፋት፣ የተጀመረበት ቀንና ካለቀ በኋላ ፎቶው ይኑር። ከዚያ ዋናው አንቀጽ፦ ሠዓሊው ሥራው ከሕንፃው በመነሣቱ፣ በመሸፈኑ ወይም በመፍረሱ ሊበላሽና ሊጠፋ እንደሚችል ተረድቶ ለዚህ ሥራና ለእነዚህ ድርጊቶች መብቱን ትቷል። በደፈናው «ማንኛውንም መብቴን ትቻለሁ» የሚል ጽሑፍ አያስተማምንም፤ ሕጉ ሥራውና ድርጊቱ ተለይተው እንዲጠቀሱ ይፈልጋልና። ሁለቱም ይፈርማሉ። ስህተት የሚበዛው ፊርማው ላይ ነው፤ አስተባባሪው ወይም ኃላፊው ስለፈረመ ሌሎቹ ሠዓሊዎች እንደፈረሙ አይቆጠርም። በጋራ በተሣለ አንድ ሥራ ብቻ የአንዱ ፊርማ ለሁሉም ይሠራል። በፋይቭ ፖይንትዝ እያንዳንዱ ሠዓሊ ጣሳውን ከማንሣቱ በፊት ይህን ገጽ ቢፈርም ኖሮ ክሱ የሚቆምበት መሬት አይኖረውም ነበር፤ ኮኸን ሥዕል ይመርጥ ስለነበር ሰነዱን መሰብሰቢያ ቦታውም ቀድሞ ተዘጋጅቷል።

ሠዓሊው በበኩሉ በዚያ ገጽ ላይ ሊደራደር ይችላል፤ መብቱን ሙሉ በሙሉ ከመተው ይልቅ የተወሰነ የማስታወቂያ ጊዜ፣ ፎቶ የማንሻ ዕድል ወይም የሚነሣውን የማንሣት መብት ማስገባት ይቻላል። ማስረጃውን ግን በሥዕሉ ዕድሜ እየሰበሰበ ይሂድ። ፊት ለፊት፣ ከጎንና በቅርበት የተነሣ ፎቶ፣ ቀኑ የሚታይበት ፋይል፣ ግድግዳውን የፈቀደው ሰው የላከው መልእክት፣ ስለ ሥዕሉ የተጻፈ ሁሉ ይቀመጥ። ቀለም ከተቀባ በኋላ የሚሰበሰብ ማስረጃ ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው። የክስ ጊዜው ደግሞ 3 ዓመት ነው።

አሠራሩም ያግዛል። ሥዕሉ ጡብ ላይ ከሆነ ማንሣት ማለት ስስ ወረቀት በማጣበቂያ ለጥፎ የቀለሙን ንብርብር መላጥ ነው፤ በጡቦቹ መካከል ባለው የሲሚንቶ መስመር ላይ ይቀደዳል፣ ባለሙያና ብዙ ገንዘብም ይፈልጋል። ፕላይውድ ወይም የቆርቆሮ ሽፋን ላይ ከሆነ ብሎኑን መፍታት ብቻ ነው። ስለዚህ ሕንፃው ወደፊት እንደሚፈርስ በሚታወቅበት ቦታ መጀመሪያ ፕላይውድ በብሎን አስሮ በላዩ መሣል ለሁለቱም ወገን ይቀላል፤ ሥራው በ90 ቀን ማስታወቂያ የሚነሣ ይሆናልና።

ግድግዳው ላይ ማንም ሳያስፈቅድ በብሎን ያሰረውን እንዲህ ያለ ሰሌዳ ያገኘ ባለንብረትም ቶሎ አይስበረው። የ1997ቱ ፍርድ የተናገረው ከቦታው ስለማይነሣ ሥራ ነው፤ የሚነሣውን አልዘጋውም። ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቶ፣ ፈትቶ ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ የሠዓሊው ስም ወይም አድራሻ ካለበት በአደራ ደብዳቤ ማሳወቅና ካልመጣ 90 ቀኑን ቆጥሮ ማስወገድ ከጠበቃ ክፍያ ያንሳል።